ደጁ ድረስ ለመጣ ሰው ማን እምቢ ይላል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ሰሞኑን ክፍል ውስጥ በቦትስዋና ምርጫ ስንከራከር ነበር። አገሪቱ ነጻ ከወጣችበት ከ1966 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 58 ዓመት የገዛው ፓርቲ፣ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ምርጫ ከ61 መቀመጫ 4 ብቻ አገኘ። ከዚያ በፊት በነበረው ምርጫ 38 ነበረው። መምህራችን «ኢኮኖሚው ነው» ብለው አለፉት። እኔን ግን አልዋጥልህ አለኝ። ኢኮኖሚው መበላሸቱን ፓርቲው ራሱ አያውቅም ነበር? ገንዘብ ያለው፣ በየመንደሩ ሰው ያለው፣ ያሸንፋል የተባለ ፓርቲ እንዴት መውደቂያው ቀድሞ አይታየውም?

ከማራኪ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤህን ጮክ ብዬ ሳነብ ባለቤቴ ቡና እየቆላች ነበር። ሳቋን መያዝ አቃታት። «ይሄ ልጅ ያንተን ጉድ ሰምቶ ነው» አለች። አልሰማህም፣ አውቃለሁ። እንግዲያው ከቦትስዋና በፊት የራሴን ልንገርህ።

ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። ወደ ቁስቋም ስትወጣ ባለው ሰፈራችን፣ የዕድራችን ጸሐፊ ሆኜ ስድስት ዓመት አገልግያለሁ። ዳኛው አረጁና «ይብቃኝ» አሉ። እኔ እንደምተካቸው የማያውቅ አልነበረም። ከሁሉም በላይ እኔ አውቅ ነበር። የግማሹን ሰፈር ልጅ ያስተማርኩ ነኝ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩ፣ መዋጮውን የመዘገብኩ፣ ዕድሩ አዳራሽ እንዲሠራ ሐሳብ ያመጣሁ ሰው ነኝ። ለአዳራሹ ፕላን እንኳ አስነስቼ፣ በላስቲክ አስለብጬ ይዤዋለሁ።

ተወዳዳሪዬ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ዕድሜው ከበኩር ልጄ አይበልጥም። ስብሰባ ላይ አፉን ሲከፍት ሰምቼው አላውቅም። እውነቱን ልንገርህ፣ ሲጠቆም አዘንኩለት።

አባላቱ 214 ነን። ደብተር ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። እሺ ካለኝ ሰው ስም ፊት ምልክት አደርጋለሁ። ስጨርስ 160 ምልክት ሆነ። ባለቤቴን «ጠላ ጥመቂ» አልኳት። «ቆይ እስኪ ይለይ» አለችኝ። «ተለይቷል» አልኳት፤ ደብተሩን አሳየኋት። ማንበብ የምትችል ሴት ናት፣ ደብተሩን ግን አላየችውም። «ደጁ ድረስ ለመጣ ሽማግሌ ማን እምቢ ይላል?» ብላ ጌሾዋን ልትገዛ ወጣች። ሁለት ጋን ተጠመቀ።

ዕድራችን ድሮ የሚመርጠው እጅ በማውጣት ነበር። በዚያ ዓመት ሴቶቹ «በስውር ይሁን» አሉ። ማንበብ የማይችሉ አባላት ስላሉ ወረቀቱ ቀረና ምርጫው ቆሎ በመጣል ሆነ። ለእኔ የተቆላ ሽምብራ፣ ለልብስ ሰፊው የተቆላ ባቄላ። እያንዳንዱ ሰው ከሁለቱም አንዳንድ ፍሬ ይዞ ከመጋረጃ ኋላ ይገባል፤ የመረጠውን የብስኩት ካርቶን ውስጥ ይጥላል። የቀረውን ይዞ ይወጣል።

እኔ በር ላይ ቆሜ እጅ እነሳለሁ። የሚወጣው ሁሉ እጄን ይጨብጣል፣ «እግዜር ይርዳዎ» ይላል፣ አፉ ግን ይቆረጥማል። ቁርጥም፣ ቁርጥም። ምን እንደሚቆረጥሙ ልብ አላልኩም። የእኔን ሽምብራ ነበር የሚበሉት!

ገንዘብ ያዡ ካርቶኑን ሰፌድ ላይ ገለበጠው። ሳይቆጠር ታየኝ። ባቄላ በባቄላ ነው። የመጡት 151 ሰዎች ናቸው፤ 87 ባቄላ፣ 64 ሽምብራ። ከ160 እሺ 64 ሽምብራ፣ ልጄ።

ማታ ባለቤቴ «ጠላው አይደፋም» ብላ ልብስ ሰፊውንና ሰዉን ጠራች። እኔ መኝታ ቤት ተኝቻለሁ፣ አሞኛል። ሳቁ ይሰማኛል። በመጨረሻ አፍሬ ወጣሁ። አንዲት እማሆይ ጥግ ተቀምጠው ጠላቸውን ይጠጣሉ። አልቻልኩምና ጠየቅኳቸው። «እማሆይ፣ እርስዎ እሺ ብለውኝ አልነበረም?» ቀና ብለው አዩኝ። «እሺ ማለቴማ ከፀሐይ ግባ ብዬ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ እሺ ብዙ አሰብኩ። የእኛ እሺ ብዙ ዓይነት ነው። «እሺ እንግዲህ» አለ፤ ሂድልኝ ማለት ነው። «እሺ፣ ምን ችግር አለ» አለ፤ ሥራ አታስፈታኝ ማለት ነው። «እሺ፣ እሱ ያውቃል» የሚል ሰው ልቡ ሌላ ጋ ነው። «ይልቅ ይግቡ፣ ቡና ደርሷል» ያለኝንም እሺ ብዬ መዝግቤዋለሁ። ደብተሬን በኋላ ገልጬ ሳየው፣ በእርግጥ የመረጡኝ የተጨቃጨቁኝ ሰዎች ናቸው። «አዳራሹን በምን ገንዘብ?» ያለኝ፣ «የቀብር ክፍያውን ትጨምራለህ ወይ?» ያለችኝ። እነሱን በጥያቄ ምልክት ነበር ያለፍኳቸው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ፓርቲው አያውቅም ነበር ወይ ነው ያልከው። ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ከምርጫው በፊት በነበረው ሐምሌ፣ አንድ ለቅሶ ላይ የዕድሩ ድንኳን አፈሰሰ። ሸራው በሦስት ቦታ ተተርትሯል። ዝናቡ ንፍሮው ላይ ይንጠባጠባል፣ ሐዘንተኞቹ ወንበራቸውን እየጎተቱ ይሸሻሉ። በቀጣዩ ስብሰባ ጉዳዩ ተነሳ። እኔው በእጄ «ድንኳኑ መጠነኛ ጥገና ያስፈልገዋል» ብዬ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍኩ። ገጹን ገለበጥኩና ስለ አዳራሹ ቀጠልኩ። ልብስ ሰፊው ምን አደረገ? ድንኳኑን ቤቱ ወሰደው። የስፌት መኪናው ሸራውን አልበሳም ቢለው በወስፌና በሲባጎ ሲሰፋ ሦስት ማታ አመሸ። ለማንም አላወራም። ሴቶቹ ግን አይተውታል።

ስለዚህ የቦትስዋናው ፓርቲ አልማዝ መርከሱን አያውቅም ነበር አትበለኝ። የአገሪቱ ገቢ የቆመው በአልማዝ ነው። የዓለም ገበያ ቀዘቀዘ፣ በላብራቶሪ የሚሠራው አልማዝም ተጨመረበት። ሥራ ያጣው ወጣት በየቤቱ አለ። ይህን የገንዘብ ሚኒስቴራቸው ከማንም በፊት ያውቃል። ግን «መጠነኛ ጥገና» ሆኖ ይጻፋል። ላይ ያለው ሰው የሚሰማው የበታቹ መርጦ ያቀረበለትን ነው። የበታቹ ደግሞ በየደጁ እሺ እየሰበሰበ ነው። በዚያ ላይ ቤቱ ተከፍሎ ነበር። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ኢያን ካማ ከተኳቸው ከሞክዊትሲ ማሲሲ ጋር ተጣልተው ወጥተው፣ ተቃዋሚ ጎን ቆመዋል። አባቱ የመሠረተውን ፓርቲ ልጁ ሲያፈርስ ማየት ለመራጩ ቀላል ነገር አይደለም። ማሲሲን የማመሰግንበት አንድ ነገር አለ፤ ቆጠራው ገና ሳያልቅ ስልክ አንስተው አሸናፊውን ዱማ ቦኮን እንኳን ደስ አለህ አሉት። እኔ መኝታ ቤት ተኝቼ ነበር።

እንደ እኔ ፕላኑን በላስቲክ ያስለበጠ መንግሥት ብትፈልግ ደግሞ ሕንድን እይ። እ.ኤ.አ. በ2004 የቫጅፓዪ መንግሥት ኢኮኖሚው አድጎለታል፣ ከጥቂት ወራት በፊት የክልል ምርጫዎች አሸንፏል። ቀኑ ሳይደርስ ምርጫ ጠራ። «ሕንድ ታበራለች» የሚል ማስታወቂያ በየቴሌቪዥኑና በየጋዜጣው ተለቀቀ። ማስታወቂያው ሐሰት አልነበረም፤ ከተማው ያበራ ነበር። ኩራዝ ለሚያበራ ገበሬ ግን «ታበራለች» ስትለው ምን ይሰማዋል? ኮንግረስ ፓርቲ አንዲት ጥያቄ ብቻ ይዞ ዞረ፤ «ተራው ሰው ምን አገኘ?» የቫጅፓዪ ፓርቲ ከ182 መቀመጫ ወደ 138 ወረደ። ኮንግረስ 145 አገኘ። የእድገቱ ቁጥር ትክክል ሆኖ ሳለ የተሸነፉት፣ ቁጥሩን ላልደረሰው ሰው ስላነበቡለት ነው።

ጠላ ቀድሞ የጠመቀም አለ። የእንግሊዙ ሌበር ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ1992 ምርጫው ሳምንት ሲቀረው ሼፊልድ ከተማ ላይ የድል ድግስ የሚመስል ትልቅ ስብሰባ አደረገ። የሕዝብ አስተያየት ጥናቶቹ በትንሹም ቢሆን እየመራችሁ ነው ብለዋቸዋል። ድምፁ ሲቆጠር የጆን ሜጀር ወግ አጥባቂዎች በሰባት ነጥብ ያህል በለጡ። በኋላ ሲመረመር፣ አጠያየቁ ከነበረበት ጉድለት ሌላ፣ «ወግ አጥባቂ ነኝ» ማለት ያሳፈረው ሰው ጥቂት አልነበረም። እንግሊዝ አገርም እማሆይ አሉ ማለት ነው።

የእኔን ሽንፈት የሚያህል ግን ስለ ውለታ ያስተማረኝ የለም። «ልጆቻችሁን አስተምሬ» እያልኩ ስዞር ነበር እኮ። ክፍል ውስጥ ለስንት ዓመት ስለ ቸርችል ሳስተምር ኖሬ! ጎንደር ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻውን ምሽግ የለቀቀባት ከተማ ናት። ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው፣ ቁልቋል በር ላይ ከባድ ውጊያ ከተደረገ በኋላ። የእኛ አርበኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲገቡ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ሂትለርን አሸንፎ፣ ሕዝቡ መንገድ ላይ እያጨበጨበለት ምርጫ ገባ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1945 ውጤቱ ሲነገር ሌበር 393 መቀመጫ ይዞ በሰፊው አሸነፈ። ተማሪዎቼ «ምን ዓይነት ውለታ ቢስ ሕዝብ ነው?» ይሉኝ ነበር። እኔም «ወታደሩ ከጦርነት ሲመለስ ቤትና ሥራ ነው የፈለገው» ብዬ እመልሳለሁ። ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስረድቼ፣ ቤቴ ስገባ ስለ አዳራሽ አልማለሁ።

የእኛን 1997ም አልዘለውም። ቅዳሜ ሚያዝያ 29 ኢሕአዴግ መስቀል አደባባይን በሰው ሞላው። በማግስቱ እሁድ ቅንጅት ሞላው። ግንቦት 7 ድምፅ ተሰጠ። በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 መቀመጫ 137ቱን ቅንጅት ወሰደ። በአገር ደረጃ የተነሳው ውዝግብና የጠፋው ሕይወት በዚህ ዓምድ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ለጥያቄህ የሚሆነው የቅዳሜውና የእሁዱ ነገር ነው። አደባባይ የወጣ ሰው እጁን እንዳወጣ ሰው ነው፤ ጎረቤቱ ያየዋል፣ ቀበሌው ያየዋል። መጋረጃው ኋላ ሲገባ ብቻውን ነው። ዕድራችን እንደ ድሮው እጅ በማውጣት ቢመርጥ ኖሮ እኔ ዛሬ ዳኛ ነበርኩ። ድንኳኑም ያፈስስ ነበር።

አንድ የቀረኝ ነገር። 63 አባላት ያን ቀን አልመጡም። በኋላ ስጠይቅ አብዛኞቹ የእኔ የቅርብ ሰዎች ናቸው። አዘዞ ሰርግ ሄደዋል። «እርስዎማ ያልፉታል ብለን ነው» አሉኝ። የተበለጥኩት በ23 ነው።

ጥያቄ፦ ለጋሼ። አሜሪካ ላይ ብዙ ድምፅ ያገኘው ተሸነፈ ሲባል ሰምቼ ሊገባኝ አልቻለም። ብዙ ያገኘ ካላሸነፈ ምኑን ምርጫ ሆነ?

ከፒያሳ

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ከትራምፕ ወደ 2.9 ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ በልጣ ተሸንፋለች። እዚያ የሚቆጠረው በየግዛቱ ነው። አንድ ግዛት ላይ በአንድ ድምፅም ብትበልጥ፣ ከሁለት ግዛቶች በቀር፣ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡትን የግዛቱን ወኪሎች በሙሉ ትወስዳለህ። ሚሺጋን፣ ዊስኮንሲንና ፔንሲልቬንያ ላይ ሦስቱን ብትደምረው የበለጣት 80 ሺህ እንኳ አይሞላም። ዊስኮንሲን የእኛ ነው ብለው ነበር። እጩ ሆና ከቀረበች በኋላ አንድ ቀን እንኳ ለቅስቀሳ አልሄደችበትም። አዘዞ ሰርግ የሄዱትን ወዳጆቼን አስታወሰችኝ።

በእኛም አገር ቢሆን ለተወካዮች ምክር ቤት የሚቆጠረው በየምርጫ ክልሉ ነው፤ ከሌሎቹ የበለጠ ያገኘ ያልፋል። በዚያው በዕድራችን ቆሎ ላሳይህ። ሦስት ሰፈር አለ እንበል፣ በእያንዳንዱ መቶ ሰው። በመጀመሪያው ሽምብራ 95፣ ባቄላ 5። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሽምብራ 48፣ ባቄላ 52። ሽምብራው በጠቅላላው 191 ነው፣ ባቄላው 109። ሁለት ወንበር የወሰደው ግን ባቄላው ነው። ባቄላ በሄድኩበት ይከተለኛል እንጂ።

ከላይ ስለ ቦትስዋና ለጻፈው ልጅም ይህ ይጠቅመዋል። የገዢው ፓርቲ መቀመጫ ከ38 ወደ 4 ሲወርድ ድምፁ የወረደው ከግማሽ ትንሽ ከፍ ካለ ድርሻ ወደ 30 በመቶ ገደማ ነው። አሸናፊው 37 በመቶ ያህል ይዞ 36 መቀመጫ አገኘ። መውደቁ እውነት ነው፤ ቁጥሩን ያን ያህል አስፈሪ ያደረገው ግን አቆጣጠሩ ነው። ይኸው አቆጣጠር እኮ ለ58 ዓመት ሲጠቅመው ኖሯል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በሚቀጥለው ወር የሴቶች ቁጠባና ብድር ማኅበራችን ሊቀመንበር ይመርጣል። እኔም ተጠቁሜያለሁ። ሁሉም «አንቺ ነሽ» ይሉኛል። ልመናቸው ራሱ አስፈራኝ። ምን ላድርግ?

ከአዘዞ

መልስ፦ መፍራትሽ ጥሩ ነው፤ እኔ አልፈራሁም ነበር። «ትመርጪኛለሽ?» ብለሽ አንዷንም አትጠይቂ። መልሱ እሺ ነው፣ ምንም አይነግርሽም። ይልቅ «ጎረቤቶችሽ ማንን የሚመርጡ ይመስልሻል?» በያት። ሰው የራሱን ልብ ይደብቃል፣ የጎረቤቱን ግን ያወራል። በውጭ አገር ጥናት የሚሠሩ ሰዎችም ይህን ሞክረው፣ «አንተ ማንን ትመርጣለህ?» ከማለት ብዙ ጊዜ የተሻለ እንደሚናገር አይተዋል። እኔ ጸጉር ቤት ሞክሬው ሠርቶልኛል።

ቃለ ጉባኤውን የሚጽፈው ማን ነው? ለምነሽም ቢሆን ያለፈውን ዓመት አንብቢው። «መጠነኛ» የሚል ቃል ያለበትን ቦታ አስምሪ። ብድር ዘግይቶብኛል ያለችውን፣ ደብተሬ ላይ ስህተት አለ ያለችውን ሂጂና ስሚያት፣ ብትጮህብሽም ተቀመጪ። የቀረበሽ ዘመድ ሁሉ በዕለቱ መምጣቱን ደግሞ በስልክ ሳይሆን በአካል አረጋግጪ፤ ሰርግ ያለበት ካለ ቀኑ እንዲዛወር ከአሁኑ ጠይቂ።

ጠላውን ከቆጠራው በኋላ ጥመቂ። ጌሾ ተወዷል።